መስመሩ የሚያበቃበት ሰፈር፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ታሪክና ጉዞ ከጦር ኃይሎች ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በኮልፌ ቀራንዮ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ርእሴ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ስለ ታሪኩና ስለሚሄድበት መንገድ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥሁ በአጭሩ ልናገር።

ባቡሩ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት የማስተምረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኝ ግቢ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፈተና እየሰጠሁ ሳለ አንዲት ተማሪ 40 ደቂቃ ዘግይታ ደረሰች። ደንቡ ከ30 ደቂቃ በኋላ የመጣን አያስገባም። እኔም አላስገባኋትም። በሩን ስዘጋ፣ «እኔም የምመጣው ከኮልፌ ነው፤ በዚያው ባቡር ነው የመጣሁት፤ ባቡሩ አልዘገየም» አልኋት። እርስዋም በትሕትና፣ «መምህር፣ ባቡሩማ አልዘገየም። እኔ የዘገየሁት ባቡሩ ጋ ለመድረስ ነው» አለችኝ። ቤቷ ከዓለም ባንክ ማዶ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምራ ታክሲ ስትጠብቅ ኖሯል። የእኔ ቤት ከጦር ኃይሎች ጣቢያ በእግር የ10 ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለታችንም የአንድ ክፍለ ከተማ ሰዎች፣ የአንድ መስመር ተሳፋሪዎች ነበርን። ያችን የትምህርት ዓይነት በሚቀጥለው ዓመት ደገመች፤ ከጓደኞቿም አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች።

ይህ ንግግር ለዚያች ዓረፍተ ነገር የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው።

ከባሕር የመጣው ሐዲድ

አዲስ አበባ ከሐዲድ ጋር የተዋወቀችው በቀላል ባቡር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ዛሬ ለገሃር ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ሲሆን፣ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ያ ባቡር ከተማዋን ከባሕር ጋር አገናኘ እንጂ ሰፈርን ከሰፈር አላገናኘም። ሰውና ዕቃ ለገሃር ደርሶ ሲወርድ ቀሪው መንገድ የእግር፣ የበቅሎና የጋሪ፣ ከጊዜ በኋላም የአውቶቡስና የታክሲ ነበር። አንድ ሐዲድ እስከ በር ሳያደርስ እንደሚያቆም፣ የቀረውንም መንገድ ሌላ ነገር እንደሚሸፍነው ከመጀመሪያው ጀምሮ እናውቅ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ዕውቀት የት ጣልነው የሚል ነው።

ሐሳቡና ግንባታው

ወደ አሁኑ መስመር ስንመጣ፣ ከቻይናው የባቡር ምሕንድስና ኩባንያ ጋር ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 ነበር። ገንዘቡ ተገኝቶ ሥራው በተግባር የተጀመረው ግን በ2004 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶውን፣ ማለትም 404 ሚሊዮን ያህሉን፣ ያበደረው የቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ነው። የኔትወርኩ ርዝመት 31.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል ማለት ነው።

ግንባታው የከተማዋን ገጽ ለወጠ፤ አንዳንዱን ለውጥ የምናስታውሰው በቅሬታ፣ አንዳንዱን በአድናቆት ነው። በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለሥራው ሲባል ከቦታው ተነሥቶ በአደራ ተቀመጠ። በጊዜው ብዙ ሰው «ይመለሳልን?» ብሎ ሠግቶ ነበር፤ መስመሩ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያው አካባቢ ወደ ምኒልክ አደባባይ ሲወጣ ሐዲዱ ከመሬት በታች ይገባል።

ሰሜን ደቡብ የሚሄደው መስመር አገልግሎት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ የምሥራቅ ምዕራቡ፣ የእኛው መስመር፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ተከተለ። የዚያን ሰሞን ጦር ኃይሎች ላይ የነበረውን ሁኔታ ያየ አይረሳውም። ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር ልጆቹን ይዞ እስከ አያት ደርሶ ይመለስ ነበር። የትኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

በመስመሩ ላይ

እስቲ አብረን እንጓዝ። በካርታው አረንጓዴ ቀለም የተሰጠው የእኛ መስመር 17.4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 22 ጣቢያዎች አሉት። ሰማያዊው፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው፣ 16.9 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጣቢያዎቹም እንዲሁ 22 ናቸው። አምስት ጣቢያዎች፣ ማለትም ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም፣ የሁለቱም የጋራ ስለሆኑ ጠቅላላው 39 ይሆናል። ሐዲዱ 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ባቡሮቹ የሚንቀሳቀሱትም ከላይ በተዘረጋ 750 ቮልት ሽቦ ነው።

ከጦር ኃይሎች እንነሣ። ስሙ የመጣው ከሆስፒታሉ ነው። ቀጥሎ ኮካኮላ፤ ይህ ደግሞ ከፋብሪካው። ልደታ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ተግባረ ዕድ ከትምህርት ቤቱ። የጣቢያ ስሞቻችንን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የከተማዋን ታሪክ ያለ መምህር ይማራል። በሰማያዊው መስመር ዳርማር አለ፤ የጫማ ፋብሪካው ስም ነው። ጠመንጃ ያዥ አለ፣ ላንቻ አለ፣ ጎጃም በረንዳ አለ። አትክልት ተራ የሚባል ጣቢያም አለ፤ ገበያው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወርም ስሙ ጣቢያውን ይዞ ቀርቷል።

ሜክሲኮ ላይ ትንሽ እንቁም። አደባባዩ በዚህ ስም የተጠራው ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ሳትቀበል ከኢትዮጵያ ጎን ስለቆመች ነው። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ግን ሌላኛውን ወገን ይሆናል። በሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር 3ኛ መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የእኛ ሜክሲኮ ሐዲድ እስኪደርሰው ድረስ የእነርሱ ኢትዮጵያ 35 ዓመት ባቡር ስታስተናግድ ቆይታለች።

ከስታዲየም በኋላ መስመሮቹ ይለያያሉ። የእኛው በእስጢፋኖስ፣ በባምቢስ፣ በኡራኤልና በሃያ ሁለት አድርጎ መገናኛ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል አያት ላይ ያበቃል።

ቁጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

ተማሪዎቼ እንደምታውቁት ካርታ ብቻውን አያጠግበኝም። ጥቂት ስሌት እንሥራ።

አንደኛ፣ 22 ጣቢያዎች 21 ክፍተቶች አሏቸው። 17.4ን ለ21 ብናካፍል በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለው አማካይ ርቀት 830 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ በመስመሩ ዳር ለሚኖር ሰው እጅግ መልካም ነው። ማንም ከ10 ደቂቃ በላይ ሳይራመድ አንዱን ጣቢያ ያገኛል። ስለዚህ መስመሩ ለዳርቻው ነዋሪ ቸር ነው። ችግሩ ያለው ከመስመሩ ጫፍ ወዲያ ላለው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ መስመሮች 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ይህ በመሐል ከተማ ቦታና ገንዘብ ያተረፈ ውሳኔ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ለምሳሌ በጋራው ክፍል በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ማሳለፍ ቢቻል፣ አንዱ የአረንጓዴው፣ ቀጣዩ የሰማያዊው ስለሚሆን፣ ጦር ኃይሎች ላይ የቆመ ሰው የሚያገኘው በየ6 ደቂቃው ነው። በመሐል የሚፈጠር መሰናክልም በአንድ ጊዜ አራቱንም ጫፎች ይነካል።

ሦስተኛው ዋነኛው ነው። አንድ ባቡር በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብለን እንያዝ። ከጦር ኃይሎች አያት 52 ደቂቃ ይሆናል። ደርሶ መልሱን፣ በሁለቱም ጫፍ የሚወስደውን የመዞሪያ ጊዜ ጨምረን፣ ሁለት ሰዓት እንበለው። 20 ባቡሮች በመስመሩ ላይ ካሉ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። አራት ብቻ ካሉ ግን በየግማሽ ሰዓቱ። ሐዲዱ ያው ነው፣ ጣቢያውም ያው ነው፣ ካርታውም አልተለወጠም። የተለወጠው የባቡሩ ቁጥር ብቻ ነው። ይሁንና ተሳፋሪው ዘንድ በየ6 ደቂቃው የሚመጣ ባቡርና በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ባቡር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ያለ ሐሳብ ወጥቶ ይሳፈረዋል፤ ሁለተኛውን ይተወዋል።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ሥራው ሲጀመር የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ። አገልግሎቱ እጅግ በተዳከመባቸው ዓመታት በሥራ ላይ የነበሩት ከሩብ በታች እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል፤ ሰልፉ ላይም ቆመን አይተናል።

ሲሮጡ የታጠቁት

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። መስመሩ በፍጥነት መሠራቱ ራሱ ነውር አይደለም፤ በአራት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ማጠናቀቅ የሚያስመሰግን ነው። የላላው መታጠቂያ ጥገናው ነው።

ነገሩን በገንዘብ ቋንቋ እንየው። ዕዳው በዶላር ነው። መንኰራኩሩ፣ የፍሬኑ ሸማኔ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው በዶላር ይገዛል። ገቢው ግን በብር ነው። በ2008 ዓ.ም. ረጅሙን መንገድ የተጓዘ ሰው የከፈለው 6 ብር በጊዜው ምንዛሪ 30 የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብር በዶላር አንጻር ያለማቋረጥ ቀንሷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ክፍተቱ ይበልጥ ሰፋ። ስለዚህ መለዋወጫ ያጣ ባቡር ዴፖ ገብቶ ይቆማል፤ የቆመው ባቡር ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል፤ ቁጥሩ እየተመናመነ ይሄዳል። ባቡሩ ሲመናመን ተሳፋሪው ይሸሻል፣ ተሳፋሪው ሲሸሽ ገቢው ይቀንሳል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ሥራውን በሙሉ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉት እሰማለሁ። አልስማማም። ችግሩ ነበር፤ አሁንም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ወይም አጠና ተራ የቆመ ሰው ችግር የለም ሊል አይችልም። ብድሩ አስፈላጊ ነበር። ስሕተቱ ጤፉን ስንበደር ለወፍጮው ሳናስብ መቅረታችን ነው።

መስመሩ ለምን እዚህ ያበቃል?

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ጦር ኃይሎች ቀለበት መንገዱ በምዕራብ በኩል የሚያልፍበት፣ ከኮልፌና ከዊንጌት የሚወርደው፣ ከቤተልና ከአየር ጤና የሚመጣውም ሰው የሚገናኝበት መስቀለኛ ቦታ ነው። ማንኛውም የመጀመሪያ ምዕራፍ አንድ ቦታ ማብቃት አለበት፤ እንዲህ ያለ መገናኛ ላይ ማብቃቱም ምክንያታዊ ነው። ስለዚህ «ለምን እዚህ አበቃ?» የሚለው ቁጣ ብቻውን ሩቅ አያደርሰንም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሲያበቃ እንዴት አበቃ? መጨረሻ ጣቢያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በር ነው፤ ሌላው ግድግዳ። በር የሆነው ጣቢያ ከባቡር የወረደውን ሰው ወደ አውቶቡስ ያስገባል፤ ትኬቱ አንድ ነው፣ ሰዓቱ የተያያዘ ነው፣ የሚጠበቅበት ቦታ ጥላና መብራት አለው። ግድግዳ የሆነው ጣቢያ ግን ሰውየውን አስፋልት ላይ አውርዶ «ከዚህ በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ» ይለዋል። መስመሩ ሲከፈት የባቡሩ ትኬት ለብቻው፣ የአውቶቡሱ ለብቻው፣ የሚኒባሱ ለብቻው ነበር። ሦስት ጊዜ መሰለፍ፣ ሦስት ጊዜ መክፈል ነው። ከቤት እስከ ጣቢያ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከጣቢያ እስከ መሐል ከተማ ካለው ጉዞ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ይህ የማይቀር ዕጣ አልነበረም። ዳሬሰላም የፈጣን አውቶቡስ መስመሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የእኛ ባቡር በጀመረ በዓመቱ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እነርሱም ከሰልፍና ከመጨናነቅ አልዳኑም። ነገር ግን ከዋናው መስመር ጎን ለጎን ከሰፈር ሰው እየሰበሰቡ ወደ መስመሩ የሚያደርሱ መጋቢ አውቶቡሶችን ከመነሻው የሥርዓቱ አካል አድርገው አሰቡ። መስመሩ ከሐዲዱ ወይም ከአስፋልቱ እንደሚበልጥ ተረድተው ነበር።

በእኛም ከተማ ከዊንጌት እስከ ጀሞ የሚዘረጋ የፈጣን አውቶቡስ መስመር ታስቦ ጥናት ተደርጎበታል። ይህ ለምዕራቡ አዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከባቡሩ ጋር በአንድ ትኬትና በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ካልተሳሰረ፣ አንድ ተጨማሪ ግድግዳ እንዳንሠራ እሠጋለሁ።

ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር ብቻ ልበል። የመጀመሪያው፣ ከማራዘም በፊት መጠገን ነው። ቅድም እንዳሰላነው፣ የቆሙ ባቡሮችን ወደ ሥራ መመለስ አንድ ሜትር አዲስ ሐዲድ ሳይዘረጋ የመጠበቂያውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ወደ ጥቂት ደቂቃ ያወርዳል። ሁለተኛው፣ ጦር ኃይሎችን በር ማድረግ ነው፤ ከአየር ጤና፣ ከዓለም ባንክ፣ ከቤተልና ከአጠና ተራ የሚነሡ መጋቢ አውቶቡሶች ጣቢያው ድረስ እንዲገቡ፣ በባቡሩም ትኬት እንዲሠሩ ማድረግ። ሦስተኛው የእኛ የቤት ሥራ ነው። በመስመሩ ላይ ስላለው ጉዞ ብዙ ይጻፋል፤ ከቤት በር እስከ ጣቢያ ስላለው ግን ጥቂት። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምለምነው ይህንን ነው። የሚያስፈልገው ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዓለም ባንክ ቆማችሁ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ መዝግቡ። ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያም ለአንድ ወር። ያ መዝገብ እኔ ዛሬ ከተናገርሁት ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ የፈተና ቀን ወዲህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ከየት እንደሚመጡና ስንት ጊዜ እንደሚሳፈሩ። የጠዋቱን ፈተናም በተቻለኝ ሁሉ ወደ ረፋድ እገፋዋለሁ። ደንቡን አልጣስሁም፤ ሰዓቱን ብቻ አዛወርሁት። ያችን ተማሪ ከተመረቀች በኋላ አግኝቼ አላውቅም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለሽ ግን፣ ልክ ነበርሽ፤ ባቡሩ አልዘገየም ነበር።